ከተፈታ አይቀር

ሊቀ ብሎን ይሉታል። ስሙ አይደለም፤ ዋናውን ስሙን የሚያውቀው ግን ጡረታ የሚከፍለው ቢሮ ብቻ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የውኃ ቆጣሪ ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ እንደ ሰው አርፎ መቀመጥ አቃተውና ከጓሮ ያለችውን ዕቃ ቤት አጽድቶ አንዲት አሮጌ ቶርኖ አስገባባት። ብረት የምትቀርጽ፣ ርዝመቷ ከሕፃን አልጋ የማይበልጥ፣ ክብደቷ ግን አራት ወንድ ያስጮኸ ቶርኖ ናት። ስሙን ያወጣችለት የታላቅ እህቱ ጓደኛ፣ ልብስ ሰፊዋ ናት። ቶርኖዋ የገባች ቀን በር ላይ ቆማ አይታ፣ «እሰይ! ይህ ሰው ሚስት አጥቶ ሊቀር ነው ስንል ይኸው አገባ! እንኳን ደስ ያለህ ሊቀ ብሎን!» አለችው። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ለመደው፣ በኋላ ደግሞ ደስ አለው። ሰው ሲጠራው «ሊቀ» የምትለዋን ይሰማል፤ «ብሎን» የምትለዋን እንዳልሰማ ያልፋታል።

ከታላቅ እህቱ ጋር ወላጆቻቸው በተዉላቸው ቤት ይኖራል። እትዬ ነው የሚላት። እትዬ እግሯ እምቢ ካላት ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምትሄደው፤ ምላሷ ግን የእግሯንም ድርሻ ጨምሮ ይሮጣል። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሻርፗን አስራ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጎማውን በገዛ እጇ እየገፋች ሦስት መንገድ አቋርጣ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ትሄዳለች። ልብስ ሰፊዋ አልጋ ከያዘች ሁለት ወር ሊሞላት ነው። ሐኪሞቹ «ቤቷ ትረፍ» ብለው የመለሷት ናት። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ደፍሮ የሚናገረው ግን የለም።

ሁለቱ ሴቶች አርባ ዓመት ሙሉ አውርተው ያልጨረሱ ናቸው። ልብስ ሰፊዋ አንድ ነገር ብቻ ተናግራ አታውቅም፤ በወጣትነቷ፣ ሠርጓ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሰው ሁሉ «እንዲህ ያለ ባል ከየት ይገኛል» የሚለውን እጮኛዋን ለምን ጥላው እንደሄደች። አርባ ዓመት እትዬ ስትጠይቅ፣ አርባ ዓመት ልብስ ሰፊዋ ስትስቅ ኖሩ። በዚያ ሰሞን ግን ራሷ ጀመረችው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ ትንፋሿ እስከፈቀደላት ድረስ ታወራላታለች። ቅዳሜ ዕለት ሰውዬው አንድ የተቆለፈ ሳጥን አምጥቶ «አደራ፣ እንዳትከፍቺው» ብሏት የሄደበት ላይ ደረሰች። «እኔ ደግሞ ሴት አይደለሁ? ከፈትኩት። ሳጥኑን ስከፍተው…» ብላ ሳል ያዛት። «ነገ እጨርስልሻለሁ» አለች።

እትዬ ሳጥኑን እያሰበች ስትመለስ፣ የገዛ ቤቷ በር ላይ ስትደርስ፣ የወንበሯ የፊት ትንሿ ጎማ ውልቅ አለች። ውስጧ ያለው ኩሽኔታ ተፈረካክሶ ኳሶቹ እንደ ሽንብራ ደጃፉ ላይ ተበተኑ።

ሊቀ ብሎን ጎማዋን አንሥቶ ሲያገላብጣት፣ መቼም እግዜር ይቅር ይበለው፣ ደስ አለው። «ይህቺማ የሃያ ደቂቃ ሥራ ናት! የነሐስ ቦኮላ ቀርጬ አስገባላታለሁ» አለ። ቦኮላ የሚላት ዘንጉ የሚዞርባትን ቀለበት ነው።

«ጥጉ ላይ ላለው ባለ ቶርኖ ብትሰጠውስ? ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም» አለች እትዬ።

«ቤቴ ቶርኖ ተቀምጣ ለሰው ልስጥ? የሰው ወርቅ አያደምቅ!»

«እኔ መሄድ ነው እንጂ መድመቅ መቼ አማረኝ አንተ?»

«ነገ ትሄጃለሽ አልኩሽ። አለቀ።»

ሌላ መንገድ አልነበረም ወይ እንዳትሉ፤ እሱም አስቦበታል። ልብስ ሰፊዋ የምትኖርበት መተላለፊያ መኪና አያስገባም። ተሸክሞ እንዳይወስዳት ወገቡን ድሮ ቆጣሪ አንሥቶ ጨርሶታል፤ እሷም ብትሆን «ጆንያ አይደለሁም» ባይ ናት። ስልክም አይሆንም፤ የልብስ ሰፊዋ ጆሮ ፊት ለፊት ካላወሩት አይሰማም። ሁሉ ነገር በዚያች ጎማ ላይ ቆመ ማለት ነው።

እሑድ ጠዋት ሊቀ ብሎን ቱታውን ለበሰ፣ መነጽሩን ወለወለ፣ ነሐሱን ቶርኖዋ ላይ አሰረ። ከቶርኖዋ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በገዛ እጁ በትልልቁ የጻፈው ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል፤ «ማሽን ሲዞር ዓይን አይዙር!» ይላል። ለማን ብሎ እንደጻፈው አይታወቅም፤ እዚያ ክፍል ከእሱ በቀር የሚገባ የለም። ሞተሩን አስነሣ፣ መቁረጫው ራሱ እየተጓዘ እንዲቀርጽ ማርሹን አስገባ፣ ከነሐሱ የሚወርደውን ወርቃማ ፍቅፋቂ እያየ «አይ እጅ! አይ ሙያ!» አለ ለራሱ። ከዚያ ውፍረት የሚለካበትን ካሊብሮ ፍለጋ ወደ መደርደሪያው ዞረ።

ቋ! አለ። ከዚያ ክርክርክር። ከዚያ ጸጥ።

መቁረጫው ተጉዞ ተጉዞ ነሐሱን ጨብጦ ከሚያዞረው መንጋጋ ጋር ተቀርቅሮ ነበር። የጎኑን መክደኛ ከፍቶ ሲያይ፣ መቁረጫውን በራሱ የምታስኬደው ባለ አርባ ጥርስ ጊር ሦስት ጥርሷን አራግፋለች። ጎን ለጎን የነበሩ ሦስት ጥርሶች። ሰባት ዓመት እንደሞላው ልጅ ትስቅበታለች።

«ምን ተሰበረ?» አለች እትዬ ከሳሎን።

«ምንም! ትንሽ ነገር!»

ሊቀ ብሎን ከቆጣሪ ክፍል ይዞት የወጣው አንድ ሕግ አለው፤ መሣሪያህ ከተሰበረ መጀመሪያ መሣሪያህን አድን፣ ሥራው ይደርሳል ይላል። አለቃው ነው ያስተማረው። አለቃው በዚያ ሕግ ሲሠራ ለዓመታት ቆጣሪ ሳይጠገንለት የሚጮኽ ሕዝብ በር ላይ እንደነበረ ግን ሊቀ ብሎን ትዝ አላለውም። ነሐሱን ፈትቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተና ጊሯን አወጣ።

ሰኞ የረገፉትን ጥርሶች ፈልጎ፣ ሁለቱን ከወለል ሦስተኛዋን ከጫማው ውስጥ አግኝቶ፣ ሁለት ዓይነት ተቀላቅሎ በሚሠራው ማጣበቂያ መልሶ ለጠፋቸው። ቆርቆሮው ላይ «ከብረት ይጠነክራል» ይላል። ሃያ አራት ሰዓት ይድረቅ ስለሚልም ሃያ አራት ሰዓት ጠበቀ። ማክሰኞ ሞተሩን ሲያስነሣ አንደኛዋ ጥርስ ተፈናጥራ ግንባሩን አለችው። ከእጅ አይሻል ዶማ! ግንባሩን በመሐረብ አስሮ ለምሳ ሲገባ እትዬ አየችው።

«ትንሿ ነገር መታችህ?» አለችው።

«ነገ ይደርሳል።»

«ነገን ማን አስያዘልህ አንተ ሰው? እሷ እኮ ነገ የላትም።»

ይህን ስትል አልሳቀችም። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሻርፗን አስራ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ባለ ሦስት ጎማ ወንበሯ ላይ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ነበር። የት ልትሄድ ነው አይባልም። ልማድ ነው። ሊቀ ብሎን በአጠገቧ ሲያልፍ ዓይኗን ላለማየት የግድግዳውን ሰዓት እያየ አለፈ።

አሁን፣ ጥሩ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ በዚያች ደቂቃ ጎማዋን ብብቱ ሥር ወሽቆ ጥጉ ላይ ወዳለው ባለ ቶርኖ ይሮጥ ነበር። ማሰቡንስ አስቧል። ግን ያ ሰውዬ ግንባሩን አይቶ «ምን ሆንክ?» ይለዋል። «ከቶርኖ ጋር ተጣላሁ» ሊል ነው? ሊቀ ብሎን ራሱ ባለፈው ዓመት የሰውዬውን ሥራ አይቶ «ጥሩ ነው፣ ግን እኔ ብሆን በሌላ መንገድ እሠራው ነበር» ያለ ሰው ነው። ያለውን ሰውዬው ረስቶት ይሆናል። ሊቀ ብሎን ግን አልረሳውም። እናም ወደ ዕቃ ቤቱ ተመለሰ።

ረቡዕ፣ አሁን የምሩን፣ ሥራ ጀመረ። እውነት እንነጋገር ከተባለ ያማረ ሥራ ነበር። ጥርሶቹ በረገፉበት ቦታ፣ ጊሯ ጠርዝ ላይ፣ ላዩ ጠባብ ታቹ ሰፊ የሆነ ቦይ ቆፈረ፤ የገባበት ነገር ተመልሶ እንዳይወጣ ነው። ቦዩ ውስጥ ቁራጭ ነሐስ እየመታ አስገብቶ በስታኞ፣ በሚቀልጠው የብየዳ እርሳስ፣ በየደው። ከዚያ ያንን ነሐስ በሞረድ እየፋቀ ሦስት ጥርስ ማድረግ ነው። ከሰርዲን ቆርቆሮ የደህናዎቹን ጥርሶች ቅርጽ ቆርጦ አወጣ፤ ሁለቴ ይሞርዳል፣ ቆርቆሮውን አስጠግቶ በብርሃን ያያል፣ ሁለቴ ይሞርዳል፣ ያያል። ሐሙስ አንድ ጥርስ ወጣች። ዓርብ ሁለተኛዋ ወጣችና፣ በጣም ላሳምርሽ ብሎ አንድ ጊዜ ሲጨምር በጣም ቀጠነች። «አፈር ብላ!» አለ ራሱን። ነሐሱን አውጥቶ እንደ አዲስ ጀመረ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እያለ ራሱን አጽናና፤ ማንም ግን ቀስ በል አላለውም ነበር።

ዓርብ ከሰዓት የልብስ ሰፊዋ ልጅ ብቅ አለች። «እማዬ፣ እትዬ ምን ሆና ቀረች ብላ ነው የላከችኝ» አለች።

እትዬ ወደ ጓሮ በአገጯ እያመለከተች፣ «ንገሪያት፣ ወንድሜ ጥርስ እያበቀለ ነው በያት» አለች። ልጅቷ ሳቀች። «ሳጥኑንም እንዳትረሳ በያት። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ሳልሰማ እንቅልፍ የለኝም።»

ሊቀ ብሎን ይህን ሁሉ በበሩ ቀዳዳ ሰማ፤ ሞረዱን ይዞ።

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ጊሯ አለቀች። ሠላሳ ሰባት የብረት ጥርስና ሦስት የወርቅ ጥርስ ያላት ወይዘሮ ሆነች። ገጠማት፣ በእጁ አዞራት፣ ሞተሩን አስነሣ። ጩኸት የለ፣ መንገጫገጭ የለ። ሊቀ ብሎን ዕቃ ቤቱ ውስጥ ብቻውን አጨበጨበ። ነሐሷን ከመሳቢያው አውጥቶ ቦኮላዋን ቢቀርጽ ኖሮ እትዬ በዚያው ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ መንገድ ላይ ነበረች።

ግን የቶርኖዋ መክደኛ ተፈትቷል። መክደኛው ውስጥ ደግሞ የሃያ ዓመት ጥቁር ግሪስ አለ። ሊቀ ብሎን ይህን አይቶ እንዴት ይለፍ? «ከተፈታ አይቀር» አለ። ይህቺ ቃል ናት ሰውዬውን የበላችው። በሕይወቱ ሰዓት ሊያስተካክል ከግድግዳ አውርዶ ግድግዳውን ቀብቷል፤ የበር እጀታ ሊያጠብቅ ተነሥቶ በሩን ነቅሏል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ እሱ ግን ዘንዶውን አውጥቶ «ከወጣ አይቀር» ብሎ ያጥበዋል። ሰኞን በጋዝና በጨርቅ ሲያጥብ ዋለ። ካጠበው በኋላ ደግሞ ቀለሙ እዚህም እዚያም ተልጦ ታየው። ማክሰኞ አረንጓዴ ቀለም ቀባ።

እየቀባ ሳለ ስልክ ጮኸ። እጁ ቀለም ስለነበር በክርኑ ተጭኖ አነሣው። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ወንበሩ ደረሰ ወይ? እማዬ ዛሬ ትንሽ ቀና ብላ እያወራች ነው። እትዬ ብትመጣ ደስ ይላታል።»

«ነገ! ነገ በእርግጠኝነት! ሊደርቅ ነው» አላት።

ምን እንደሚደርቅ ልጅቷ አልጠየቀችም። ለእትዬ ሊነግራት ነበር፤ ግን «ታዲያ ዛሬ ምን ጎደለ?» እንደምትለው አወቀ። ምንም አልጎደለም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል እንዲህ ነው። ዝም አለ።

ረቡዕ ጠዋት ቀለሙ ደረቀ። ሊቀ ብሎን ነሐሷን አሰረ፣ ሞተሩን አስነሣ፣ በዚህ ጊዜ ግን ዓይኑን ከመቁረጫው አልነቀለም። ቦኮላዋ ትንሽ ናት፣ የአውራ ጣት አንድ አንጓ አታክልም። ስለዚህ እጅ እንደለመደው መዘውሩን ይዞ፣ መቁረጫውን በእጁ ቀስ እያለ እየገፋ ቀረጻት። ውጭዋን ቀረጸ፣ ውስጧን በሳ፣ ለካ፣ ቆረጣት። ሰዓቱን አየ። አሥራ ስምንት ደቂቃ።

ሊያመሰግናት ወደ ጊሯ ዞረ። ጊሯ አልዞረችም። ማርሹን አላስገባውም ነበር። ሦስቱ የነሐስ ጥርሶች፣ አንድ ፍቅፋቂ ሳይነካቸው፣ በአዲሱ አረንጓዴ ቀለም መካከል እንደ ሙሽራ ተቀምጠዋል።

ሊቀ ብሎን ቦኮላዋን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ጊሯ የምታገለግለው መቁረጫው ራሱ እንዲጓዝ ሲፈለግ ብቻ ነው። በእጅ ለመቅረጽ ከቶም አታስፈልግም። እሑድ ዕለት፣ ጥርሶቹ በረገፉ በሩብ ሰዓቱ፣ መዘውሩን ይዞ ሥራውን መጨረስ ይችል ነበር። ይህን የቶርኖ ሀሁ የጀመረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እሱም ያውቀዋል። ዐሥር ቀን ሙሉ እያወቀ አላሰበውም። የተሰበረ ነገር ካየ ሌላ ነገር አይታየውም። ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ።

«ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል» አለ መጀመሪያ። ቀጥሎ ሌላ ነገር መጣበት፤ ሰው አይሰማም። ማን ይነግራል?

ጎማዋን ገጠማት። እትዬ ወዲያና ወዲህ ሄዳ ሞከረችው። «ድምፅ እንኳ የለውም እኮ!» አለች፤ ደስታዋ ሻርፗን እንኳ በቅጡ አላሳሰራትም። «ወንድሜ፣ ምን ብዬ ልስደብህ አሁን? ባለሙያ ነህ።» ይህ ከስድብ ሁሉ አመመው።

አብሯት ሄደ። መንገዱን ሁሉ ስለ ሳጥኑ አወራችለት። ደብዳቤ ነው ትላለች፣ አይ የሌላ ሴት ልብስ ነው ትላለች፣ አይ ባዶ ነው፣ ባዶ ሆኖ ነው ያስኮበለላት ትላለች። ጠባቡን መተላለፊያ አልፈው ሲያንኳኩ ልጅቷ ከፈተች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ትናንት ማታ ድረስ ታወራ ነበር» አለች። «"ጥሪያት፣ ሳጥኑን ልንገራት" እያለች። ለጋሼም ደውዬ ነበር። ዛሬ ሲነጋጋ ምላሷ ተያዘ። ትሰማለች መሰለኝ፣ ግን አትናገርም።»

እትዬ ወደ ወንድሟ አልዞረችም። ወንበሯን ገፋች። በጨርቅ የተሸፈነውን የስፌት መኪና አልፋ አልጋው ጎን ደረሰች። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗ ክፍት ነው፤ ጓደኛዋን አየቻት፣ አፏ ግን አልተንቀሳቀሰም። እትዬ እጇን ይዛ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለች። «መጣሁ እህቴ። ይኸው መጣሁ።» ከዚያ «ሳጥኑ ውስጥ ምን ነበር?» አለቻት። እንደገና ጠየቀቻት። እጇን ዳበሰቻት፤ ሦስተኛ አልጠየቀችም።

ሊቀ ብሎን በሩ ላይ ቆሟል። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ና ተቀመጥ» አለችው እትዬ ፊቷን ሳታዞር። «ለምን እንደቀረሁ ራስህ ንገራት። በአንተ መሳቅ ትወዳለች።»

ተቀመጠና ጮክ ብሎ፣ ለጆሮዋ ቀርቦ፣ ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ሪፖርት ነበር። «ማሽን ሲዞር ዓይን አይዙር» የሚለው ጽሑፍ ሥር ቆሞ ዓይኑን እንዳዞረ ሲደርስ ግን እትዬ በሳቅ ፍርፍር አለች። ከዚያ ምንም አላስቀረም። ጫማው ውስጥ ስለተገኘችው ጥርስ፣ «ከብረት ይጠነክራል» ስለሚለው ማጣበቂያ፣ ስለ ግንባሩ፣ ባለ ቶርኖውን ስለፈራበት ምክንያት፣ ብቻውን ስላጨበጨበው ጭብጨባ አወራ። ልጅቷ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ትስቃለች። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗ እሱ ላይ ነው። ስለ ቀለሙም ተናገረ፤ ማክሰኞ ስልኩን በክርኑ እንዳነሣና ዝም እንዳለ ተናገረ። እትዬ እዚያ ላይ አልሳቀችም፤ ግን አላቋረጠችውም።

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነበር። ቦኮላዋን ቀረጽኩ፣ መጣን ብሎ ማብቃት ይችላል። እዚያ ክፍል ውስጥ ቶርኖ የሚያውቅ የለም።

«ዛሬ ጠዋት ቦኮላዋን ስቀርጽ» አለ፣ «ያቺ ጊር አልዞረችም። በእጄ ነው የቀረጽኳት። አታስፈልግም ነበር።»

«ምን ማለት ነው?» አለች እትዬ።

«እሑድ ዕለት ይቻል ነበር ማለት ነው እትዬ። ጊሯ በተሰበረች በሩብ ሰዓቱ። በዚያው እሑድ እዚህ መሆን ትችይ ነበር። ዐሥር ቀን ሙሉ… እኔ ነኝ የበላሁብሽ። ሳጥኑንም እኔ ነኝ የዘጋሁብሽ።»

እትዬ የጓደኛዋን እጅ አጥብቃ ያዘች። አለቀሰች፤ ድምፅ አውጥታ፣ ሰው ይስማኝ አይስማኝ ሳትል አለቀሰች። ሊቀ ብሎን የሚይዘውን አጥቶ ተነሥቶ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄደ።

«የት ነው?» አለችው።

«ልውጣላችሁ ብዬ…»

«ይቅር ልበልህ አልበልህ ገና አላውቅም» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «ግን ቁጭ በል። ሰው ሲከባት ደስ ይላታል።»

ወንበሩን ከአልጋው ማዶ አዙሮ ተቀመጠ፤ የልብስ ሰፊዋን ሌላኛውን እጅም ያዘ።